ፑንቲና በጆሮ ወይስ በመለኪያ? ስለ አንዲት ቮልስ የተሰጡ 34 መልሶች

መነሻው ጥያቄ የእኔ ነበር። የአሮጌ መኪና ወዳጆች በምንሰባሰብበት መድረክ ላይ አንድ እሑድ ማታ ለጠፍኩት። ሠላሳ አራት መልስ መጣበት። ግማሹ ስለ መኪናዬ ነው፤ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ሁሉ። በተራ በተራ፣ በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ቮልስ አለችኝ። 1300፣ በፈረንጆቹ የ1967 ሞዴል፣ የአባቴ ውርስ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰርቪስ አስገባኋት። ካንዴላ ተቀየረ፣ አዲስ ፑንቲናና ኮንደንሰር ተገጠመላት። ፑንቲና፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተዘጋና እየተከፈተ እሳቱን የሚያስወጣው ንክኪ ነው፤ ኮንደንሰሩ ደግሞ ንክኪው ላይ ብልጭታ እንዳይዘል ይጠብቀዋል። መካኒኩ የፑንቲናውን ክፍተት በዓይኑ ገመተ። ሞተሩን አስነሳ። ዲስትሪቢዩተሩን ግራ ቀኝ አዟዟረና ድምፁ ደስ ሲለው አሰረው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እንደ አዲስ ነው የሄደችው። አሁን ግን ጉልበቷ ከዳት። ከ6 ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣውን ዳገት በሁለተኛ እያቃሰትኩ ነው የምወጣው። እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ በማርሚታዋ ትተኩሳለች። ሰው ዞሮ ያየኛል። ሞተሩም ከወትሮው በላይ ይግላል። ምን ይሻላል?

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ደግ ነበር። ግን መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ፑንቲናን በጆሮ ማስተካከል ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል አልኩ። እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። ስለ መኪናዋ አመስግኖኝ ጥፋቱን ኮንደንሰሩ ላይ ጣለ። ኮንደንሰር ሲደክም ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ብልጭታ ይዘላል። ፊቱ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል። አዲስ ዕቃ ነው ብዬ እንዳልታለል፣ ክዳኑን ከፍቼ ቀለሙን እንዳይ መከረኝ።

መልስ 2 አጭር ጥያቄ ነበር። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ። የእኔዋ ወደ 12 ተቀይራ ከሆነ ኮይሉም፣ የባትሪውን ኃይል ለካንዴላው እሳት የሚያበዛው ዕቃ፣ አብሮ መቀየሩን ማወቅ ፈለገ። የ6 ቮልት ኮይል በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከተተወ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ፑንቲናውንም ይበላዋል። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ወርጄ በባትሪ መብራት አየሁት። 12 ይላል። አንድ ተጠርጣሪ ነፃ ወጣ።

መልስ 3 የላዳ ታክሲ ነጂ የነበረ ሰው ነው። እኔ ስለ ቮልስ ጠየቅሁ፤ እሱ ስለ ላዳ መለሰ። የላዳዋም ክፍተት እንደ ቮልሷ 0.4 ሚሊሜትር መሆኑን፣ የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 መሆኑን፣ ፊት ለፊት ባለው ክዳን ላይ የ10፣ የ5 እና የዜሮ ዲግሪ ምልክቶች ተቀርጸው እንደሚገኙ ዘረዘረ። ባትሪ በደከመ ጊዜ ጠዋት ጠዋት በማኑቬላ እያስነሳ ሥራ ይወጣ እንደነበር ተረከልን። ማኑቬላው ተመልሶ የመታው አውራ ጣቱ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመዋል። ማንም አልጠየቀውም። ግን ማንም አልተቆጣውም።

መልስ 4 ላይ ጋሼ ገቡ። ጋሼ የምንላቸው ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ሥራውን የጀመሩት ከጣሊያኖች ጋር በሠሩ ባለሙያዎች ሥር ስለሆነ ዲስትሪቢዩተርን ስፒንትሮጀኖ፣ ኮይልን ቦቢና ነው የሚሉት። ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገሬ እንዳስቀየመቻቸው ቃላቸው ያሳብቃል። በጆሮ የሚሠራ ሰው የሚያዳምጠውን ስለሚያውቅ ነው የሚሠራው አሉ። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ፣ አስነስተህ ዲስትሪቢዩተሩን ታዞራለህ። ሞተሩ ፍጥነት የሚጨምርበት ቦታ አለ። ከዚያ ትንሽ መለስ ታደርጋለህ። ዳገት ላይ ትሞክራለህ። በዚህ መንገድ ስንቱን መኪና ለባለቤቱ እንዳስረከቡ ቁጥሩን አያውቁትም። የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ጀርመን፣ ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አየር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ሲሉ ደመደሙ።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር እውነት አላት። በኋላ እንመለስባታለን።

መልስ 5 ከክሩ፣ ከመልሶቹ ሰንሰለት፣ ሁሉ ረጅሙ ነው። የጻፈችው ራሷን የመካኒክ ልጅ ብላ የምትጠራ ሴት ናት። ጋሼን አክብራ ጀመረች። ጆሮ ታይሚንግን፣ ማለት እሳቱ የሚወጣበትን ቅጽበት፣ ሊያገኝ እንደሚችል አመነች። ጆሮ የማያገኘው ግን ክፍተቱን ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች።

በእሷ አገላለጽ ፑንቲና በር ነው። በሩ ሲዘጋ ኮይሉ ይሞላል። በሩ ሲከፈት ኮይሉ የያዘውን ወደ ካንዴላው ይለቃል። በሩን የሚከፍተው በዲስትሪቢዩተሩ መሀል የሚሽከረከረው ባለአራት ማዕዘን ካም ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 90 ዲግሪ ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ለቮልስ 50 ዲግሪ ያህሉ በሩ ተዘግቶ መቆየት አለበት። ድዌል የሚባለው ይኸው ነው። ከቧንቧ ጀሪካን እንደመሙላት አስቡት አለች። ክፍተቱ ከሰፋ በሩ ቶሎ ይከፈታል፤ ጀሪካኑ ሳይሞላ ይነሳል፤ መኪናው ሲፈጥን እሳቱ ይሳሳል። ክፍተቱ ከጠበበ ደግሞ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል። እሳቱም ይዘገያል። ቤንዚኑ በጊዜው አይቃጠልም። ጉልበት ይጠፋል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ያልተቃጠለው ማርሚታ ውስጥ ይፈነዳል።

ስለ እኔ መኪና እያወራች እንደነበር ሳነብ ገባኝ።

ቀጥላም ጠየቀችኝ። አዲሱ ፑንቲና ሲገጠም ካሙ ላይ ቅባት ተደርጎለታል ወይ? ከካሙ ጋር የሚፋተገው የፑንቲናው እግር እንደ ካርቶን ያለ ጠንካራ ፋይበር ነው። ካሙ ደረቅ ከሆነ ያንን እግር በቀናት ውስጥ ይሞርደዋል። እግሩ ባጠረ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ መካኒኩ ያን ቀን የሠራው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸው። የስንዴ ፍሬ ታህል ቅባት ትበቃለች። ከበዛች ተፈናጥራ ፑንቲናው ላይ ታርፍና ትቃጠላለች። አዲስ ፑንቲና እግሩ እስኪለምድ ድረስ ትንሽ መበላቱ አይቀርም፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እንደገና ማየት ግድ ነው። የመጨረሻው ምክሯ ቅደም ተከተሉን የሚመለከት ነው። መጀመሪያ ክፍተት፣ ከዚያ ታይሚንግ። ክፍተቱን ስትነካ ታይሚንጉ አብሮ ይሄዳል። ታይሚንጉን ስትነካ ግን ክፍተቱ ካለበት አይነቃነቅም።

መልስ 6 የእኔ ምስጋና ነው።

መልስ 7ን ባልነገርኳችሁ ደስ ባለኝ። አንድ ሰውዬ፣ ስለ መኪና ያን ሁሉ ያወቀችው ከየት እንደሆነ ጠየቀና፣ ለጋሼ መልስ ከመስጠት ይልቅ ዝም ብትል እንደሚያምርባት መከራት። እህቴ እያለ ነው የጻፈው። አንዳንድ እህቴ ከስድብ ይብሳል።

መልስ 8 የእሷ ነው፤ ሁለት መስመር። ልጅ ሆና አባቷ ሞተር ሲያዞር አምፖል ይዛ የምትቆመው እሷ እንደነበረች ነገረችው። ከዚያ የእሱ መኪና ድዌል ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። መልስ አልመጣም። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም።

መልስ 9 ከባቢውን አቀዘቀዘው። ፊለር ጌጅ፣ ክፍተት የሚለኩበት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ፣ ለሌለው ሰው ዘዴ አለ ይላል። ተራ ባለሁለት ስለት ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው። አራቱን ብትደርባቸው 0.4 ይሆናሉ። አጎቱ መኪናው ውስጥ ምንጊዜም አንድ ፓኮ ምላጭ ነበረው። ፖሊስ አንድ ቀን ለምን እንደያዘ ጠይቆት ስለ ፑንቲና ግማሽ ሰዓት እንዳስተማረው ይወራል።

መልስ 10 አረመው። ዘዴው ይሠራል፤ ግን ስለቱ ስለሚሳሳ የምላጩን መሀል ተጠቀም። ምላጭ ደግሞ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ከለካህ በኋላ ንጹሕ ወረቀት በፑንቲናው መሀል አስገብተህ ሳብ፤ አለበለዚያ ዘይቱ ይቃጠልና ከንክኪው ላይ ጥቁር ሽፋን ይሠራል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግንም አጥብቆ ከለከለ። ብናኙ እዚያው ይቀራል። ካስፈለገ በደቃቅ ሞረድ። አንድ ጠቃሚ ነገርም ጨመረ። ያረጀ ፑንቲና በአንዱ ፊቱ ጉድጓድ፣ በሌላው ጉብታ ያወጣል። መለኪያህን ስትሰድበት ከጉብታው ጫፍ ላይ ያርፍና ይዋሽሃል። 0.4 ለካሁ ስትል እውነተኛው ክፍተት ከዚያ የሰፋ ነው። መለኪያ የሚታመነው አዲስ ወይም ፊቱ የተስተካከለ ፑንቲና ላይ ብቻ ነው፤ ለአሮጌው የድዌል ሜትር ያስፈልጋል።

መልስ 11 ላይ ጋሼ ተመለሱ፤ ይህን የመጨረሻውን ይዘው። ይኸው መለኪያም ይዋሻል ማለት ነው እያሉ ሳቁብን። በጽሑፍ መሳቅ እንደሚቻል ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ነገር ግን ስለ ቅባቱ የተባለውን አልተቃወሙም። እንዲያውም የዛሬ ልጆች ቅባት ይረሳሉ፣ ፑንቲና ከዕቃው ጋር ቅባቱን በትንሽ ከረጢት ይዞ ይመጣል፣ እነሱ ከነካርቶኑ ይጥሉታል ብለው ተማረሩ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 12 ቮልስን የሚያክል ታሪካዊ መኪና አገራችን እንደሌላት አነሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ጠቡ የተነሳው በቀለሙ ነው። መልስ 13 አረንጓዴ ነበረች አለ። መልስ 14 ሰማያዊ። መልስ 15 የአባቱን የዓይን ምስክርነት ጠቀሰ። መልስ 16 የመልስ 15 አባት በዚያን ጊዜ የት እንደነበሩ ለማወቅ ፈለገ። መልስ 17 ወደ ፖለቲካ ገባ፤ እኔም አልደግመውም። መልስ 18 ላይ የመድረኩ ኃላፊ መጣና ከዚህ ወዲህ ስለ ፑንቲና ያልሆነ ነገር እንደሚሰረዝ አስጠነቀቀ። የሚገርመው፣ ራሱም መጨረሻ ላይ ሰማያዊ እንደነበረች የሰማ መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም።

መልስ 19 ከድሬዳዋ ነው። የጋሼን የከፍታ ነገር ያነሳው እሱ ነው፤ በራሱ ላይ የደረሰውን እያወራ። መኪናውን አዲስ አበባ ላይ በጆሮ አስተካክሎለት የሰጠው ሰው ጎበዝ ነበር። ዳገቱን ትበረው ነበር። ከዚያ ወደ ድሬ ጉዞ ጀመረ። አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ ሙቀቱ ጨመረ፣ አየሩም ወፈረ። ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ሞተሩ እንደ ጠጠር የተሞላ ቆርቆሮ ማንኳኳት ጀመረ። መተሐራ አካባቢ ቆሞ ማቀዝቀዝ ግድ ሆነበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ያንሳል፣ ቤንዚኑም ቀስ ብሎ ይነዳል። እሳቱ ትንሽ ቢቀድም ሞተሩ ይወደዋል፤ ጆሮም ያንን ይመርጣል። ቆላ ስትወርድ ግን ያው መቅደም ሞተሩን ይደበድበዋል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ፒስቶን ይበሳል።

የእሱ መፍትሔ ወድጄዋለሁ። ዲስትሪቢዩተሩ አንገት ላይ ሁለት የቀለም ምልክት አድርጓል። ነጩ የመጽሐፉ ነው፣ ለቆላ። ቀዩ ጥቂት ዲግሪ የቀደመ፣ ለደጋ። አዋሽ ሲደርስ 10 ቁልፍ ያወጣል፣ ያላላል፣ ከቀዩ ወደ ነጩ ያዞራል፣ ሻይ ጠጥቶ ይቀጥላል።

ጋሼ ለዚህ መልስ ልብ ሰጡት። የመካኒክ ልጅም ሰጠችው። በክሩ ውስጥ ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

መልስ 20 ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንዳስፈለገን አልገባውም። ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን አውጥቶ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚገጠም የኤሌክትሮኒክ ዕቃ አለ፤ እሱ ቮልሱ ላይ ገጥሞ ለዓመታት ክዳኑን አልከፈተም። ሰው ሲመጣ እንደሚልክልኝ ቃል ገባ። ደግ ሰው ነው። መልስ 21 ወዲያው አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፍት ትተህ ሬዲዮ ብትሰማ ያ ዕቃ ሊቃጠል ይችላል። መልስ 22 ደግሞ ፑንቲናም ቢሆን በዚያው ምክንያት እንደሚቃጠል አስታወሰና ሚዛኑን በሌላ በኩል ደፋው። ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት ሳያስታምም ነው የሚሞተው። ፑንቲና ግን ቀስ እያለ፣ እያስጠነቀቀ ነው የሚደክመው። ጢቾ መንገድ ላይ ብትቆም በካቻቢቴና በምላጭ ታድነዋለህ። ሌላውን በምን ታድነዋለህ?

መልስ 23 ቤንዚን የሚያቃጥል ነገር ሁሉ እንዳበቃለት ሊያስተምረን መጣ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ስለ ፑንቲና ማውራት ስለ በቅሎ ኮርቻ እንደማውራት ነው ባይ ነው። መልስ 24 የበቅሎ ኮርቻ ዛሬም እንደሚሸጥ ነገረው። መልስ 25 ከዚያ የከረረ ነበር፤ የመድረኩ ኃላፊ ሰርዞታል። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

መልስ 26 የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ክዳኑን ከፍቼ ያየሁትን ጻፍኩ። የፑንቲናው ፊት ግራጫ ነው፤ አልጠቆረም። ስለዚህ ኮንደንሰሩም ነፃ። ካሙን በጣቴ ነካሁት። ደረቅ። ጣቴ ላይ የቀረው ቅባት ሳይሆን ቡናማ ብናኝ ነው። ያ ብናኝ የፑንቲናዬ እግር ነው። 0.4 የምትለዋ ቅጠል አልገባችም። 0.3ም አልገባችም። 0.15 ናት በግድ የገባችው።

መልስ 27 ሳላስበው ሌላ ጭንቀት ጨመረልኝ። ክፍተቱን ካስተካከልኩ በኋላ ታይሚንጉን የሞተሩ ቀበቶ ከሚዞርበት ፑሊ ጥርስ፣ ከተቀረጸበት ምልክት፣ ጋር እንዳላያይዝ አስጠነቀቀኝ። መኪናዋ ከኃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሞተሯ ስንቴ እንደተፈታ ማን ያውቃል? ፑሊው የሌላ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱም የሌላ።

መልስ 28 የመካኒክ ልጅ ናት። መፍትሔው የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጣ። የዲናሞውን ፍሬ በ21 ቁልፍ እያዞርክ ፒስቶኑን ጫፍ አድርሰው። በዲስትሪቢዩተሩ መሀል የሚዞረው ሮተር ጠርዙ ላይ ወዳለችው ጭረት መዞሩን እይ፤ ካልሆነ አንድ ዙር ጨምር። የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ትይዩ ፑሊው ላይ ምልክት አድርግ። አሁን የፑሊውን ዙሪያ በሜትሩ ለካና ለ48 አካፍል። 360ን ለ48 ብታካፍል 7.5 ዲግሪ ነው፤ የ1300ዋ ቁጥር እሱ ነው። ያገኘኸውን ርቀት ከምልክትህ በስተቀኝ ለካና ሁለተኛ መስመር ስመር። እሳቱ መውጣት ያለበት ያቺ መስመር ከመጋጠሚያው ጋር ስትገናኝ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት ለማወቅ ደግሞ አምፖል ይበቃሃል። አንዱን ሽቦ ከኮይሉ ወደ ፑንቲና በሚሄደው ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝ። ቁልፉን ክፈት። ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ቀኝ አዙረህ አምፖሉ ሲጠፋ፣ ቀስ ብለህ ወደ ግራ መልስ። በበራበት ቅጽበት እሰር።

ለ48 ማካፈሉን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

መልስ 29 የቫኪዩም ቱቦውን እንዳልረሳ አሳሰበኝ። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ቮልሶች ሲፈጥኑ እሳቱን የሚያስቀድሙት በዚያ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ከተሰነጠቀ ዳገት አይታሰብም። መሞከሪያው አፍ ነው። ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅለህ ትስበዋለህ። የፑንቲናው መቀመጫ ሲንቀሳቀስ ካየህ ደህና ነው። ጣዕሙ ግን ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ልክ ነበር፤ አልለቀቀኝም።

መልስ 30 የጋሼ ነው። እስከዚያ የሚያውቁትን ሁሉ የነገሩን መስሎኝ ነበር። ክፍተቱን በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ እንዳልለካ፣ ታይሚንጉንም በእሱ እንዳልይዝ አዘዙኝ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በሦስተኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ቆሞ ነፋሱን ይጋርደዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ሁልጊዜ ይግላል። ፋብሪካው ይህን ስላወቀ በብዙ ዲስትሪቢዩተሮች ላይ የሦስተኛውን የካም ማዕዘን እሳቱ ጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ አድርጎ ነው የቀረጸው። አራቱም እኩል አይደሉም። ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሳሉ አንድ ዲስትሪቢዩተር የተበላሸ መስሏቸው ሊጥሉ ሲሉ አለቃቸው በጥፊ ብለው አስተምረዋቸዋል። የመካኒክ ልጅ ከሥሩ፣ አባቷም ልክ እንደ ጋሼ ይሉ እንደነበር ጻፈች። በነገራቸው ሁሉ ያልተስማማ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ዝም አለ። እኔም ያቺን ስለ ጆሮ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር ገብቼ አጠፋኋት።

መልስ 31 የእሑዱ ሪፖርቴ ነው። ካሙን ጠረግሁ፣ የስንዴ ፍሬ ያህል ቅባት አደረግሁ። የፑንቲናው እግር ከካሙ ማዕዘን ጫፍ ላይ ሲቆም ቅጠሏን አስገብቼ 0.4 ላይ አሰርኩ። ወረቀት ሳብኩበት። አምፖሌን አገናኘሁ። መስመሬ ከመጋጠሚያው ጋር ስትገናኝ አምፖሉ እንዲበራ አደረግሁ። ለአዲስ አበባ ብዬ የትንሽ ፀጉር ያህል አስቀደምኩ። ቀይ ቀለምም ቀባሁበት። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። እስከ እንጦጦ ማርያም ሳልቆም ደረስኩ። ማርሚታዋ አልተነፈሰም።

አንድ ነገር ግን ደበቅሁ። መልስ 32 ደርሶበታል። ሥራውን ስንት ሰዓት እንደፈጀሁ ጠየቀኝ። አራት ሰዓት መሆኑን ስነግረው ለምን እንደሆነ ወዲያው ገመተ። ፑንቲናውን የምታስረዋ ትንሽ ብሎን ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ወድቃለች። አዎ፣ ወድቃለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልጌያታለሁ። ዲስትሪቢዩተሩን አውጥቼ ገልብጬ ሳራግፈው ነው ድንጋዩ ላይ ጠብ ያለችው። እሱ ከሬዲዮ ስፒከር ጀርባ የተነቀለች ማግኔት ካቻቢቴው ላይ ለጥፎ ነው የሚሠራው። ይህን ቅዳሜ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

መልስ 33 ጋሼ ናቸው። በ1,000 ኪሎ ሜትር ክፍተቱን እንደገና እንዳይ፣ በዚያውም አንድ ቀን መኪናዋን ይዤላቸው እንድመጣ ጻፉ። በጆሮ ሊያዳምጧት ነው።

መልስ 34 የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቃል ያልጻፈ ሰው ነው። ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ጠየቀ።

እስካሁን አልመለስኩለትም።